የፓምፑን ብረት የሚበላው አረፋ፦ በደጋ አገር ስለ ካቪቴሽንና ስለ ብረቶች የመቋቋም ዐቅም



የደጋ አጥቢያ ብዙውን ጊዜ ከፍ ባለ ስፍራ የተተከለ ነው፤ ውኃው ግን ከታች ከሸለቆው ነው። ከጎንደር ተነሥቶ በዳባትና በደባርቅ በኩል እስከ ጃን አሞራዋ መካነ ብርሃን ድረስ ለሚጓዝ ሰው ይህ የመልክዐ ምድሩ ጠባይ አዲስ አይደለም። ስለዚህ ሰበካ ጉባኤው ከምእመናን ስእለትና መዋጮ ገንዘብ አሰባስቦ ፓምፕ ሲገዛ እናቶችና ልጆች በእንስራና በጀሪካን አቀበት የሚወጡበትን ድካም ለማሳረፍ ነው። ያ ፓምፕ ገና ዓመት ከመንፈቁ ውኃ ሲቀንስ፣ ጠጠር የሚፈጭ ይመስል ሲያንጓጓ፣ በመጨረሻም ሲቆም ጉዳቱ ከመለዋወጫው ዋጋ በላይ ነው፤ ሕዝቡ ለሚቀጥለው መዋጮ እጁን መዘርጋት ይከብደዋል።

ፓምፑ ሲፈታ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ነገር አንድ ዓይነት ነው። ውኃውን በመሽከርከር የሚገፋው ባለ ክንፍ ጎማ፣ ባለሙያዎች ኢምፔለር የሚሉት፣ ገጹ ተበሳስቶ እንደ እንጀራ ዐይን ሆኖ ይታያል። ያን ጊዜ አንዱ «ዝገት ነው» ይላል፤ ሌላው «አሸዋ በላው» ይላል፤ ሦስተኛው «ሻጩ አታለለን» ይላል። ሦስቱም አንዳንዴ እውነት ናቸው። ነገር ግን በከፍተኛ ቦታ ለሚተከል ፓምፕ ከሦስቱም በፊት ሊጠረጠር የሚገባው አራተኛ ምክንያት አለ፤ እርሱም በምሕንድስና ቋንቋ ካቪቴሽን ይባላል። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን ባዶ ወይም ጎድጓዳ ስፍራ መፈጠርን ያመለክታል። በዚህ ጽሑፍ ምንነቱን፣ በደጋ ለምን እንደሚበረታ፣ የትኛው ብረት እንደሚቋቋመውና ኮሚቴዎች ከግዢ በፊት ምን ሊያደርጉ እንደሚገባ እናብራራለን።

ነገሩን ለመረዳት ከማድ ቤት መጀመር ይቀላል። በደጋ የባቄላ ንፍሮ ከቆላው ይልቅ ዘግይቶ እንደሚበስል እናቶቻችን ያውቃሉ። ምክንያቱ የእንጨቱ እርጥበት ወይም የባቄላው ዓይነት ብቻ አይደለም። ውኃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ሲፈላ በ3,000 ሜትር ከፍታ ግን በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ከዚያ በላይ እሳት ቢነድበትም ሙቀቱ አይጨምርም። በላያችን ያለው አየር ክብደት አለው፤ ያ ክብደት የውኃውን ገጽ ተጭኖ እንፋሎት እንዳይወጣ ይከላከላል። ከፍ ባልን ቁጥር በላያችን የሚቀረው አየር ያንሳልና ጭነቱ ይቀልላል፤ ውኃውም በትንሽ ሙቀት ወደ እንፋሎት ይለወጣል።

ከዚህ አንድ ነገር ይከተላል። ጭነቱ እጅግ ከቀነሰ ውኃ ሳይሞቅም ይፈላል። በሚሽከረከር ኢምፔለር ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው። ውኃው በክንፎቹ ጀርባ በፍጥነት ሲያልፍ ግፊቱ በዚያ ስፍራ ይወድቃል፤ ግፊቱ ከተወሰነ ልክ በታች ሲወርድ ቀዝቃዛው ውኃ በቅጽበት ይፈላና በሺህ የሚቈጠሩ ጥቃቅን የእንፋሎት አረፋዎች ይፈጠራሉ። አረፋዎቹ ከውኃው ጋር ተጉዘው ግፊቱ ከፍ ወዳለበት ክፍል ሲደርሱ መቆየት አይችሉም፤ በዙሪያቸው ያለው ውኃ በድንገት ይደፍናቸዋል።

ጉዳቱ የሚደርሰው በዚህ መደፈን ጊዜ ነው። አረፋው ከብረቱ ገጽ አጠገብ ሲከስም ክብ ሆኖ አይከስምም፤ ከብረቱ ራቅ ያለው ጎኑ ቀድሞ ወደ ውስጥ ይሰረጉድና ቀጭን የውኃ መርፌ ሆኖ ወደ ብረቱ ይወረወራል። የዚህ መርፌ ፍጥነት በሰከንድ ከ100 ሜትር ሊበልጥ ይችላል። ምቱ የሚያርፍበት ቦታ ከአሸዋ ቅንጣት ያነሰ፣ የሚቆይበትም ጊዜ ከሰከንድ ሚሊዮንኛ ክፍልፋዮች የማይበልጥ ነው፤ ግፊቱ ግን በዚያች ነጥብ ላይ ተራ ብረት ሳይጎብጥ ሊሸከመው ከሚችለው ጫና በላይ ሊሆን ይችላል። አንድ ምት ምንም አያደርግም። ፓምፑ በየሰዓቱ በሚሠራበት ጊዜ ግን የምቱ ቍጥር የሚገመት አይደለም።

ጉዳዩ መጀመሪያ ያስጨነቀው መርከብ ሠሪዎችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ዳሪንግ የተባለችው የእንግሊዝ የጦር ጀልባ በሙከራ ጊዜ የታሰበላትን ፍጥነት ማግኘት አቅቷት ነበር። ምክንያቱ ሲመረመር የሚገፋት መቅዘፊያ ውኃውን በአግባቡ መያዝ ተስኖት በአረፋ ውስጥ ይሽከረከር እንደ ነበር ታወቀ። በኋላም የትላልቅ መርከቦች መቅዘፊያ በጥቂት ጊዜ ተቦርቡሮ ሲገኝ ሎርድ ሬይሊ የተባሉት የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1917 አረፋ ሲደፈን ምን ያህል ግፊት እንደሚፈጠር በስሌት አሳዩ። አረፋው የሚጎዳው ብረትን ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካ የግሌን ካንየን ግድብ ትርፍ ውኃ በሚያስተነፍሰው ዋሻ ውስጥ ይኸው አረፋ የኮንክሪቱን ሽፋን ቀድዶ ከሥሩ ያለውን ዐለት 10 ሜትር ገደማ ጥልቀት ቈፍሮታል።

በእኛም አካባቢ የሰሜን ተራሮች ምሥራቃዊ ወራጆች የሚገቡበት ተከዜ 300 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ያለው ሲሆን፣ የጣና በለስ ጣቢያ ደግሞ ከጣና ውኃ 460 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ሁለቱም ሥራ የጀመሩት በ2002 ዓ.ም. ነው። በእነዚህ ጣቢያዎች ያሉት ፍራንሲስ የተባሉት ተርባይኖች ከእኛ ትንሽ ፓምፕ ጋር አንድ ሕግ ይገዛቸዋል። እንዲህ ያሉ ተርባይኖችን የሚያቅዱ መሐንዲሶች ተሽከርካሪው ክፍል ከሚወጣው ውኃ ገጽ ምን ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ እንደሚተከል አስቀድመው የሚያሰሉት በአብዛኛው ካቪቴሽንን ፈርተው ነው። ለሰፊው ጣቢያ የሚደረገው ጥንቃቄ ለአጥቢያው ፓምፕ የማይደረግበት ምክንያት የለም፤ ስሌቱም ከባድ አይደለም።

ብዙ ሰው ፓምፕ ውኃን ከጉድጓድ እንደ ገመድ የሚስብ ይመስለዋል። ፓምፕ ግን ውኃን አይስብም። በመምጠጫ ቱቦው ውስጥ ያለውን ግፊት ይቀንሳል፤ ውኃውን ገፍቶ የሚያወጣው በጉድጓዱ ውኃ ገጽ ላይ የተጫነው አየር ነው። ይህ አየር በባሕር ጠረፍ ውኃን እስከ 10.3 ሜትር ከፍ ማድረግ የሚችል ኃይል አለው። በጎንደር ከተማ ከፍታ፣ ማለትም በ2,100 ሜትር ገደማ፣ ይህ ኃይል ወደ 8 ሜትር ይወርዳል። በጃን አሞራ ደጋ በ3,000 ሜትር ላይ ደግሞ 7.1 ሜትር ብቻ ይቀራል። በአጭሩ ለእያንዳንዱ 1,000 ሜትር ከፍታ ከ1 ሜትር ትንሽ የሚበልጥ የመምጠጥ ዐቅም ይጠፋል ብሎ ማሰብ ይቻላል።

ከዚህ ላይ ወጪዎች ይነሣሉ። ውኃው ራሱ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ያለው ዝንባሌ 0.2 ሜትር ያህል ይወስዳል። በቱቦው፣ በክርኑና በፉት ቫልቩ የሚባክነው 1 ሜትር ነው እንበል። ፓምፑ ያለ አረፋ ለመሥራት በመግቢያው ላይ የሚፈልገው ትርፍ ግፊት ደግሞ አለ፤ ይህን አምራቹ በፓምፑ ሰነድ ላይ ኤን.ፒ.ኤስ.ኤች. በሚል ምልክት ይጽፈዋል። ለምሳሌ 3 ሜትር ይሁን። ለጥንቃቄ 0.5 ሜትር እንጨምር። ድምሩ 4.7 ሜትር ነው። እንግዲህ ያው ፓምፕ በባሕር ጠረፍ ከውኃው ገጽ 5.6 ሜትር ከፍ ብሎ በሰላም ሲሠራ፣ በጎንደር 3.3 ሜትር፣ በ3,000 ሜትር ደጋ ግን 2.4 ሜትር ብቻ ነው ከፍ ሊል የሚችለው። በመደብር «እስከ 8 ሜትር ይስባል» ተብሎ የሚሸጠው ፓምፕ ሻጩ ዋሽቶ አይደለም፤ ቍጥሩ የተጻፈው ለባሕር ጠረፍ ስለ ሆነ ነው።

ወቅቱም ሌላ ወጥመድ ነው። ፓምፕ ብዙ ጊዜ የሚተከለው ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው። በዚያን ጊዜ ጉድጓዱ ሞልቶ የውኃው ገጽ ቅርብ ነው፤ ፓምፑም ያለ ድምፅ ይሠራል፤ ርክክቡም በደስታ ይፈጸማል። በመጋቢትና በሚያዝያ ውኃው ሁለት ሜትር ከወረደ ግን ያው ፓምፕ ከተፈቀደለት ከፍታ በላይ ተሰቅሎ ይገኛል። ጠጠር የሚፈጭ የሚመስለው ድምፅ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ የጉድጓዱ ልክ የሚወሰደው በግንቦት፣ ውኃው እጅግ በሸሸበት ወር፣ ፓምፑም እየሠራ ሳለ መሆን አለበት።

አሁን ወደ ብረቱ እንመለስ። «ጠንካራ ብረት ግዙ» የሚለው ምክር ግማሽ እውነት ነው፤ ጥንካሬ በብዙ መልኩ ይተረጐማልና። ላቦራቶሪዎች ብረቶችን የሚያወዳድሩት በሰከንድ 20,000 ጊዜ በሚንቀጠቀጥ ዘንግ ውኃ ውስጥ አረፋ ፈጥረው፣ ናሙናው በየጊዜው ስንት ሚሊግራም እንደ ጎደለ በመመዘን ነው። ከዚህ ሙከራ የታወቀ አንድ ጠቃሚ ነገር አለ፦ ብረቱ መጀመሪያ ላይ ምንም አይጎድልበትም። ገጹ ይቀጠቀጣል፣ ይጠነክራል፣ ይደክማል፤ ከዚያ ጥቃቅን ስንጥቆች ይገናኙና ቅንጣቱ መርገፍ ይጀምራል። መርገፍ ከጀመረ በኋላ ጉዳቱ ይፋጠናል። ፓምፑ በድምፅ ከጮኸና ብረቱ ገና ካልተበሳሳ ለማዳን ጊዜ አለ ማለት ነው።

የብዙ ርካሽ ፓምፖች አካልና ኢምፔለር የሚሠራው ቀልጦ በቅርጽ ከሚፈስሰው ካስት አይረን ነው። ይህ ብረት ለቅርጽ ምቹ፣ በዋጋም ዝቅተኛ ነው፤ ነገር ግን በውስጡ ከእርሳስ ጫፍ ጋር የሚመሳሰል ለስላሳ ግራፋይት በቅጠል በቅጠል ተበትኖበታል። የአረፋው ምት እነዚህን ቅጠሎች እንደ ተዘጋጀ ስንጥቅ ይጠቀምባቸዋል። ግራፋይቱ ወደ ክብ ቅንጣት የተለወጠበት የተሻለ ካስት አይረን አለ፤ እርሱ ቢያንስ ሳይሰበር ይቆያል። አሉሚኒየም ከሁሉም ደካማ ነው።

ነሐስን አባቶች ከደወልና ከጽና ያውቁታል። ለደወል ድምፅ የሚስማማው የመዳብና የቆርቆሮ ቅይጥ በፓምፕ ውስጥ ከካስት አይረን የተሻለ ዕድሜ አለው፤ አይዝግምም። ከመዳብና ከዚንክ የሚሠራው ናስ ግን ከነሐስ ያነሰ ነው፤ በቀለም ስለሚመሳሰሉ ሁለቱን አንድ አድርጎ መግዛት የተለመደ ነው። ከነሐስ ወገን እጅግ የሚመረጠው ከመዳብ ጋር ከ9 እስከ 10 በመቶ አሉሚኒየም፣ ከ4 እስከ 5 በመቶ ኒኬልና የዚያኑ ያህል ብረት የተቀላቀለበት ሲሆን የዛሬዎቹ ትላልቅ መርከቦች መቅዘፊያ በብዛት የሚሠራው ከእርሱ ነው።

ተራው አረብ ብረት በመካከል ይመደባል። የማይዝገው ብረት፣ በገበያ ስቴንለስ የሚባለው፣ ከ18 በመቶ ክሮሚየምና ከ8 በመቶ ኒኬል ጋር ሲቀላቀል የተለየ ጠባይ ያገኛል። ሲቀጠቀጥ ገጹ ይጠነክራል፤ ምቱን በመጠንከር ስለሚውጠው ቶሎ አይረግፍም። 13 በመቶ ክሮሚየምና 4 በመቶ ኒኬል ያለበት ዓይነት ደግሞ ከብርታቱ የተነሣ ለተርባይን ጎማዎች ይመረጣል። ከሁሉ የላቁት ስቴላይት የሚባሉት የኮባልት ቅይጦች ናቸው፤ ምት ሲያርፍባቸው የውስጥ አደረጃጀታቸው ራሱ ይለወጥና ኃይሉን ያበርዳል። ዋጋቸው ግን ሙሉ ኢምፔለር ለመሥራት አይመችም፤ በሚጎዳው ስፍራ ላይ ብቻ በብየዳ ይለበጣሉ። በካናዳ የኩቤክ የውኃ ኃይል ድርጅት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ጥቂት ኮባልት ያለው የማይዝግ ብረት ለዚሁ ለብየዳ ያዘጋጁት የስቴላይትን ጥቅም በቀነሰ ዋጋ ለማግኘት ነው።

በጉዞአችን አንዳንድ ኮሚቴዎች ስቴንለሱን በማግኔት ሲፈትኑ አይተናል። ብልሃቱ መልካም ነው፤ ግን ይጠንቀቁ። 18 ለ8 የሆነውን ማግኔት እምብዛም አይስበውም፤ 13 ለ4 የሆነውን ግን ይስበዋል፤ እርሱም እውነተኛ የማይዝግ ብረት ነው። ከማግኔቱ ይልቅ የብረቱ ዓይነት በፕሮፎርማው ላይ ተጽፎ እንዲመጣ መጠየቅ ይሻላል።

እኛ ግን አቋማችን ግልጽ ነው። ብረቱን ከመለወጥ በፊት አተካከሉ ይታረም። ያለ አግባብ በ5 ሜትር ከፍታ የተሰቀለ ፓምፕ በካስት አይረን ፈንታ ስቴንለስ ቢገባለት ዕድሜው ይረዝማል እንጂ ሕመሙ አይድንም፤ ድምፁም፣ የውኃው ማነስም፣ የኩሽኔታው መበላትም ይቀጥላል። ያንኑ ፓምፕ አንድ ሜትር ተኩል ዝቅ አድርጎ መትከል ከስቴንለስ ኢምፔለር በላይ ሊጠቅም ይችላል። የመምጠጫ ቱቦውን በአንድ ደረጃ ማስፋት፣ ማሳጠርና ክርኖችን መቀነስም እንዲሁ። ወንፊቱና ፉት ቫልቩ ከአልጌና ከቅጠል ይጽዳ። ውኃውን መቀነስ ሲያስፈልግ በመግቢያው በኩል ያለ ቫልቭ በፍጹም አይዘጋ፤ የሚጠበበው የመውጫው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ አለን። ፓምፑ ይውረድ ስንል በቤንዚን ወይም በናፍጣ የሚሠራ ሞተር ጉድጓድ ውስጥ ይግባ ማለታችን አይደለም። የሞተር ጭስ ሽታ የሌለው መርዛም ጋዝ አለበት፤ በጉድጓድ ውስጥ ተከማችቶ የወረደውን ሰውና ሊያወጣው የተከተለውን ጭምር ይገድላል። ሞተር ያለው ፓምፕ ዝቅ የሚለው ከጎን ተደልድሎ በተቈረጠ፣ አየር በሚነፍስበትና የክረምት ጎርፍ በማይደርስበት መደብ ላይ ነው። ጉድጓዱ ጥልቅ ከሆነ መፍትሔው በውኃው ውስጥ ተጠምቆ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ወይም የፀሐይ ኃይል ፓምፕ ነው። እንዲህ ያለው ፓምፕ መምጠጥ አያስፈልገውም፤ ውኃው በግንቦት እንኳ ከላዩ እንዳይሸሽ ጥልቀቱን መጠበቅ ብቻ ይበቃል።

ጉዳቱ የአረፋ ይሁን የሌላ ለመለየት ኢምፔለሩን ታጥቦ በፀሐይ ብርሃን መመልከት ነው። አሸዋ የበላው ብረት ውኃው በሄደበት አቅጣጫ ለስልሶና ተቦጭሮ ያበራል። ዝገት በሁሉም ገጽ ላይ ቡናማ ዱቄት ይተዋል። አረፋ የበላው ግን በክንፎቹ መግቢያ አጠገብ፣ በተለይም በጀርባቸው በኩል፣ አንድ ስፍራ ላይ ተከማችቶ እንደ ሰፍነግ ሻካራ ሆኖ ይታያል፤ ሌላው ገጽ ደኅና ነው። በክረምት ደለል ሲገባ አሸዋውና አረፋው ተጋግዘው ስለሚሠሩ ሁለቱም ምልክት በአንድ ኢምፔለር ላይ ሊገኝ ይችላል።

የተበሳሳ የካስት አይረን ኢምፔለር በሰፈር ብየዳ መጠገንን አንመክርም። ብየዳው ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል፤ ባይሰነጠቅም ክብደቱ ወደ አንድ ጎን ስለሚያደላ ሲሽከረከር ዘንጉንና ኩሽኔታውን ይጎዳል። የአረብ ብረትና የማይዝግ ብረት ግን ጉዳቱ ጥልቀት ሳይኖረው በሠለጠነ በያጅ ሊሞላና ሚዛኑ ተስተካክሎ ሊመለስ ይችላል።

ለግዢ የምትዘጋጁ ኮሚቴዎች በፕሮፎርማ መጠየቂያው ላይ ይህን አስገቡ፦ ፓምፑ የሚተከልበት ቦታ ከባሕር ወለል በላይ ስንት ሜትር እንደ ሆነ፤ በግንቦት የውኃው ገጽ ከፓምፑ ስንት ሜትር እንደሚርቅ፤ የመምጠጫ ቱቦው ርዝመትና ስፋት፤ የኢምፔለሩ ብረት ዓይነት፤ አቅራቢው ለዚያ ከፍታ ያሰላው የኤን.ፒ.ኤስ.ኤች. ልክ። የመጨረሻውን ሊመልስ ያልቻለ አቅራቢ ፓምፑን እንጂ ሥራውን አያውቅም። ከፍታውን የወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ፣ ወይም መለኪያ ያለው ስልክ የያዘ ወጣት፣ በደቂቃ ይነግራችኋል።

ሰበካ ጉባኤ በየሦስት ዓመቱ ስለሚመረጥ የፓምፑ ታሪክ ከሰዎቹ ጋር ይጠፋል። ስለዚህ የተተከለበት ቀን፣ የግንቦት የውኃ ልክ፣ የተለወጠ ዕቃ ሁሉ በአንድ መዝገብ ይጻፍ፤ የተበላው አሮጌ ኢምፔለርም ለቍራሌ አይሸጥ፤ ቀኑ ተጽፎበት ከመዝገቡ ጋር ለተተኪው ኮሚቴ ይረከብ።